ዱባ ለጤናችን የሚያደርገውና የማይችለው

(እሑድ ከጸሎት በኋላ ለእህቶች የተሰጠ ትምህርት፤ ዕረፍት ላልነበራችሁ በጽሑፍ የቀረበ)

 

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ዱባ ነው። አንዳንዶቻችሁ "ስለ ዱባ ደግሞ ምን ይወራል?" ብላችሁ ስትስቁ ሰምቻለሁ። ልክ ናችሁ፣ ዱባን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ይህን ትምህርት ልስጥ ብዬ የጠየቅሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ዕዳ ስላለብኝ ነው። ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ጊዜ በስልኬ አንድ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። "ዱባ ቀቅላችሁ ውኃውን በባዶ ሆድ ጠጡ፣ ስኳር በሽታን ከሥሩ ይነቅላል" ይላል። ደስ አለኝና ለብዙዎቻችሁ አስተላለፍኩት። አስተላልፌም ዝም አላልኩም፤ "እውነት ነው፣ እናቴም ትለው ነበር" ብዬ የራሴን ድምፅ ጨመርኩበት። እናቴ እንደዚያ ብላ አታውቅም።

ያንን ቃሌን አምና የተጎዳች እህት አለችን። ታሪኳን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ ፈቃዷን ጠይቄያለሁ፣ እሷም "ንገሪያቸው" ብላኛለች።

እኔ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፣ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ከመናገሬ በፊት፣ ከእኛ ጋር የምትጸልየውን ነርስ ሲስተር እየጠየቅሁ በደብተሬ ጻፍኩ። እሷም አንብባ የተሳሳትኩትን አርማልኛለች። የዱባን ጥቅም ላጣጥል አልመጣሁም። ዱባ በእውነት ትልቅ ምግብ ነው፤ ግን የሚችለውን ከማይችለው እንለይለት።

ዱባ፣ ኩሳና ቅል

አገር ቤት "ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል" እንላለን። ቅጠላቸውና ሐረጋቸው ይመሳሰላል፤ አንዱ ግን ይበላል፣ ሌላው ደርቆ ውኃና እርጎ መያዣ ይሆናል። ሁለቱም ዘመዳሞች ናቸው። እዚህ ቤይሩት ስንቦረቡረው የምንውለው ኩሳም የዱባ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ኪያርና ሐብሐብም ከዚያው ቤተሰብ ናቸው።

ዱባ መጀመሪያ የተገኘው በአሜሪካ አህጉር ነው። በሜክሲኮ አገር ሰዎች ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ይዘሩት እንደነበር ታውቋል። ወጡን የምናቀላበት በርበሬም የመጣው ከዚያው አህጉር ነው። ስለዚህ የአገራችን የዱባ ወጥ ሁለት የሩቅ አገር እንግዶች ተገናኝተው የእኛ የሆኑበት ምግብ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ አገር ዱባን የቅጢን ወይም ለቅጢን ይሉታል። በመኸር ወራት አትክልት ሻጩ ትልቁን ዱባ በቢላ እየቆረጠ በኪሎ ይሸጣል። የሊባኖስ ክርስቲያኖችም በጾማቸው ጊዜ ያለ ሥጋ የዱባ ክቤ ይሠራሉ። ማዳሞቻችን የሚያውቁት ምግብ ስለሆነ በቤታቸው ብናበስለው አይገርማቸውም።

የዱባው ሥጋ የሚሰጠን

ዱባ አብዛኛው ውኃ ነው። 100 ግራም ጥሬ ዱባ ውስጥ 92 ግራም ያህሉ ውኃ ነው። ስለዚህ ሆድ ይሞላል እንጂ አያወፍርም፤ በ100 ግራም ከ30 ካሎሪ በታች ነው ያለው። ቀን ሙሉ ቆመን እየዋልን ቶሎ የሚገኘውን ዳቦና ሩዝ ብቻ ስለምንበላ ሆድ ድርቀት የብዙዎቻችን ችግር ነው። ዱባና ኩሳ ከዳቦው ጎን ሲበሉ፣ ከበቂ ውኃ ጋር፣ ሆድን ያለሰልሳሉ።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ቀለሙ ውስጥ ነው። ዱባን ቢጫና ብርቱካንማ የሚያደርገው ነገር ቤታ ካሮቲን ይባላል። ሰውነታችን እሱን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ቫይታሚን ኤ ለዓይን፣ ለቆዳና በሽታን ለመከላከል ያስፈልጋል። ውስጡ በደንብ የበሰለ ብርቱካንማ ዱባ ከሆነ፣ 200 ግራም ያህል ተቀቅሎ ሲበላ አንዲት ሴት በቀን ከሚያስፈልጋት ቫይታሚን ኤ ከግማሽ በላይ ይሰጣል። ኩሳ ውስጡ ነጭ ስለሆነ በዚህ በኩል ከዱባ ጋር አይወዳደርም። ስትገዙ ሥጋው ደመቅ ያለውን ምረጡ።

አንድ ነገር አስታውሱ። ይህ ቫይታሚን በሰውነታችን የሚያዘው ከዘይት ጋር ሲበላ ነው። "ዘይት አልፈልግም" ብሎ በውኃ ብቻ ቀቅሎ መብላት ጥቅሙን ያሳንሰዋል። ሁለት ማንኪያ ዘይት ለአንድ ድስት ይበቃል።

ይህን ከራሴ ቤት ነው የተማርኩት። ልጄን በዓመት ከመንፈቋ ለእናቴ ትቻት ነው የመጣሁት። አራት ዓመት ሲሆናት እናቴ ስልክ ደውላ "ልጅሽ ፀሐይ ስትጠልቅ በር አይታያትም፣ ከበርጩማ ጋር ትጋጫለች" አለችኝ። ዳፍንት ነው። ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፣ የቫይታሚን ኤ እንክብል ሰጧት፣ በጥቂት ቀን ተሻላት። ያኔ ጤና ጣቢያ ያለችው እህት እናቴን "ቤት ውስጥ ምን ትበላለች?" ብላ ጠየቀቻት። እኔ በምልከው ብር ፓስታና ሩዝ ይገዛላት ነበር። አጥራችን ላይ የተንጠለጠለውን ዱባ ግን እናቴ ገበያ ወስዳ ትሸጠው ነበር፤ "የድሀ ምግብ ነው፣ ልጅሽ ውጭ አገር እያለች ለምን ዱባ ትብላ" ይሏት ነበር ጎረቤቶች። እኔም ስልክ ላይ "ጥሩ ጥሩውን አብሏት" እል ነበር እንጂ ጥሩው አጥሩ ላይ እንዳለ አላሰብኩም።

እህቶቼ፣ ልጆቻችሁን አገር ቤት ያስቀመጣችሁ፣ ስትደውሉ "ዱባ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ እንቁላል በልታለች?" ብላችሁ ጠይቁ። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ዱባ በደንብ ተቀቅሎና ተፈጭቶ፣ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ተደርጎበት ከጡት ጋር ሊሰጥ ይችላል። በአገራችን ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች በየስድስት ወሩ የቫይታሚን ኤ እንክብል ይሰጣቸዋል። ያም እንዳያመልጣቸው ንገሯቸው። ዳፍንት የጀመረው ልጅ ግን በዱባ ብቻ አይታከምም። ያለ ቀጠሮ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ከቆየ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

ዱባና ካሮት በጣም ያበዛ ሰው መዳፉና እግሩ ሥር ቢጫ ሊመስል ይችላል። ይህ አይጎዳም፣ ሲቀነስ ይጠፋል። ነገር ግን የዓይን ነጩ ቢጫ ከሆነ ነገሩ ከዱባ አይደለም፣ የጉበት በሽታ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ጋ ሂዱ።

ፍሬውን አትጣሉት

ማዳሜ ዱባ ስትቆርጥ ፍሬውን ከነአንጀቱ ወደ ቆሻሻ ትጥለው ነበር። አንድ ቀን "ማዳም፣ ይህን ልውሰደው?" አልኳት። "ምን ታደርጊበታለሽ?" አለች። ቆልቼ ባቀርብላት "ይህማ ብዝር ነው!" ብላ ሳቀች። ብዝር ብለው በሱቅ በውድ የሚገዙት ያው የዱባ ፍሬ ነው። አሁን ፍሬው የሁለታችን ነው።

የተፈለፈለ የዱባ ፍሬ 30 ግራም፣ ማለት አንድ እፍኝ ያህል፣ 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ሥጋና እንቁላል በማንበላበት በጾም ወራት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በቀን ከሚያስፈልገን ማግኒዚየም ግማሽ ያህሉንም ይሰጣል። ብረትና ዚንክም አለው። ደም ማነስ ላለብን ብረቱ ይረዳል፣ ግን እንደ ሥጋ ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ሲስተር ያስተማረችኝ ዘዴ ይህ ነው፦ ፍሬውን ሎሚ ካለበት ሰላጣ ወይም ከቲማቲም ጋር ብሉት፤ ቡናና ሻይን ደግሞ ከምግብ ጋር አትጠጡ፣ ምክንያቱም ብረቱን ይይዙታል። አንድ ሰዓት ቆይቶ መጠጣት ይሻላል። ይህ ለእኛ ለቡና ወዳዶች ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል።

አንድ እፍኝ ፍሬ 170 ካሎሪ ያህል አለው። ስለዚህ ቴሌቪዥን እያዩ ሙሉ ከረጢት መጨረስ ያወፍራል።

ስለ ኮሶ

አያቴ የዱባ ፍሬን ለኮሶ ትል ነበር የምታውቀው። ጥሬውን ፍሬ ፈልፍላ፣ ወቅጣ፣ በባዶ ሆድ ታጠጣን ነበር። ይህ የአያቶቻችን እውቀት ባዶ ወሬ አይደለም። በፍሬው ውስጥ ኩኩርቢቲን የሚባል ነገር አለ፤ ትሉን ያደክመዋል። በቻይናና በሌሎች አገሮችም ሰዎች ለዚሁ ይጠቀሙበት ነበር።

ነገር ግን መጠኑ በየዱባው ይለያያል፤ አንዳንዴ ትሉ ተቆርጦ ይወጣል፣ ራሱ ግን አንጀት ውስጥ ይቀራል። ራሱ ከቀረ ተመልሶ ያድጋል። ዛሬ ክሊኒክ የሚሰጡት የኮሶ ክኒን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ይገላግላል። ስለዚህ በሰገራችሁ ወይም በውስጥ ልብሳችሁ ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የቁርጥ ፓስታ የሚመስል ነገር ካያችሁ ሳታፍሩ ተመርመሩ። ከአገር ቤት የመጣ የኮሶ አበባ ያላችሁም ተጠንቀቁ፤ ሲበዛ ዓይንን ይጎዳል።

ደግሞም ኮሶ ከየት እንደሚመጣ እንወቅ። የሚመጣው ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው። የእኛ ጥሬ ሥጋም ሆነ እዚህ የሚበሉት ጥሬ ክቤ ለዚህ በር ይከፍታል። ሥጋውን ማብሰል ከዱባ ፍሬም ከክኒንም ይቀድማል።

ስለ ስኳር በሽታ፦ የእኔ ጥፋት

አሁን ወደ ዕዳዬ ልመለስ።

ያች እህታችን ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፤ እትዬ ነው የምላት። ከማዳም ቤት ወጥታ በሰዓት እየተከፈላት ታጸዳለች። የስኳር በሽታ አለባት፣ በየቀኑ ክኒን ትወስዳለች። በፈረንጆቹ 2019 ሊራው መውደቅ ከጀመረ ወዲህ መድኃኒት እንዴት እንደተወደደ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ላይ የልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶባት ነበር። የእኔ መልእክት የደረሳት በዚያ ሰሞን ነው። ክኒኗ ሲያልቅ አልገዛችም። ዱባ ገዛች።

ጠዋት ጠዋት የዱባውን ውኃ ጠጣች፣ ዱባውንም በዳቦ በላች። ከሦስት ሳምንት በኋላ መክሳት ጀመረች። "ዱባው ሠራልኝ፣ ቀለል አለኝ" ብላ በዚሁ ግቢ አቅፋ ስማኛለች። እኔም ደስ አለኝ። እህቶቼ፣ ያ መክሳት በሽታው ነበር። ስኳሩ ወደ ሰውነት መግባት ሲያቅተው በሽንት ይወጣል፣ ሰውነትም የራሱን ሥጋና ስብ መብላት ይጀምራል። ውኃ ጥም፣ ሌሊቱን ሙሉ ለሽንት መነሣት፣ የዓይን መደብዘዝ፣ ይህ ሁሉ ነበረባት፤ ሙቀቱ ነው ብላ ተወችው።

በስድስተኛው ሳምንት በሥራ ቦታዋ ደረጃ ላይ ወደቀች። ሰዎቹ ለቀይ መስቀል ደወሉ። ሆስፒታል ሲለኩት ስኳሯ ከ500 በላይ ነበር። የጤነኛ ሰው ስኳር ሳይበላ ሲለካ ከ100 በታች ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ በተደጋጋሚ ከሆነ ስኳር በሽታ ይባላል። አራት ቀን ተኛች። ሂሳቡን እናንተ አዋጥታችሁ ነው የወጣችው፤ ለምን እንደታመመች ግን አብዛኞቻችሁ አታውቁም ነበር። ልጠይቃት ስሄድ እጄን ይዛ "አንቺ እኮ እናቴም ትለው ነበር ብለሽኛል፤ በእናት ማን ይዋሻል?" አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ይቅርታ አደረገችልኝ። ዛሬ ክኒኗን ትወስዳለች፣ ደህና ናት፣ ከኋላ ተቀምጣ እየሰማችኝ ነው።

ታዲያ ዱባ ለስኳር በሽተኛ መጥፎ ነው? አይደለም። 100 ግራም የተቀቀለ ዱባ ውስጥ ያለው ስኳርና ስታርች 5 ግራም ገደማ ነው፤ በ100 ግራም ዳቦ ውስጥ ግን 50 ግራም ያህል አለ። ዱባው ቢጣፍጥም ከዳቦ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ የስኳር በሽታ ያለባት ሰው ከሳህኗ ላይ ዳቦውን ወይም ሩዙን ቀንሳ ቦታውን ለዱባና ለኩሳ ብትሰጥ ይጠቅማታል። ዳቦው ሳይቀነስ ዱባ ቢጨመርበት ግን ጭማሪ ነው እንጂ መድኃኒት አይሆንም። በስኳር የተሠራው የዱባ መርበብ፣ መረባ የሚሉት፣ ጭራሽ የሚነካ አይደለም።

ከዱባ የወጣ ነገር ለአይጦች ተሰጥቶ ስኳራቸውን እንደቀነሰ የሚያሳዩ ምርምሮች አሉ። መልእክቱን የሠራው ሰው ምናልባት ይህን ሰምቶ ይሆናል። ነገር ግን ክኒንን ወይም ኢንሱሊንን የሚተካ ዱባ የለም። የሰው ስኳር ቀንሶ ከሆነም የክኒኑን መጠን የሚቀንሰው ሐኪም ነው፣ የስልክ መልእክት አይደለም።

ክኒን መግዛት ያቃታችሁ ካላችሁ ግን፣ ዝም ብላችሁ አታቋርጡ። መጀመሪያ ለፋርማሲው "ይኸው መድኃኒት በሌላ ፋብሪካ የተሠራ ርካሽ አለ?" በሉት፤ ብዙ ጊዜ አለ። ሁለተኛ፣ በየሰፈሩ ሙስተውሰፍ የሚባሉ ርካሽ ክሊኒኮች አሉ፣ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ለእኛ ንገሩን። እትዬን ለማሳከም ያዋጣነው ገንዘብ የስንት ወር ክኒን ይገዛ ነበር! ቀድማ ብትነግረን በጥቂቱ ባለፍነው። አንዲት እህት ራሷን ከሳተች፣ ወይም ስኳር ኖሮባት እያስመለሳት ትንፋሿ ከከበደ፣ በ140 ለቀይ መስቀል ደውሉ። አምቡላንሱ ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ ደም ግፊትና ስለ ኩላሊት

በዱባ ውስጥ ፖታሲየም አለ። ፖታሲየም ያለባቸው አትክልቶች ጨው ሲቀነስ ጋር አብረው ግፊት ዝቅ እንዲል ይረዳሉ። የግፊት ክኒንም ግን እንደ ስኳሩ ክኒን ነው፤ ዱባ አይተካውም።

በሱቅ የሚሸጠው ብዝር በጨው የተነከረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ነው፤ ዳቦውና ዘይቱን ያለበት አይብ ሁሉ ተደምሮ ነው እንጂ ብዝሩ ብቻውን አይደለም። ግፊት ያለባችሁ ፍሬውን ቤት ያለ ጨው ቁሉት። ኩላሊት የታመመባችሁ ደግሞ ፖታሲየም ስለሚከማችባችሁ፣ ዱባ ምን ያህል እንደምትበሉ ሐኪም ጠይቁ።

በምንሠራበት ቤት የምንጠነቀቀው

ሕፃናት የምትጠብቁ፣ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ብዝር በፍሬው አትስጡ። ጉሮሮው ላይ ተሰክቶ ያንቀዋል። ልጁ እያለቀሰ ቢለምናችሁም፣ ማዳም ራሷ ብትሰጠውም፣ በትሕትና ንገሯት።

ሽማግሌ የምትንከባከቡም አላችሁ። ጂዶ ሽንቱ እየቆመ ሲያስቸግረው "የዱባ ፍሬ ይጠቅማል" ሲባል ትሰሙ ይሆናል። በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ሰዎች ለዚህ ብለው ለረጅም ዘመን ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ድርጅትም ይህን ልማድ ተቀብሎታል። ነገር ግን ሌላ ከባድ በሽታ አለመሆኑን አስቀድሞ ሐኪም እንዲያይ ይጠይቃል። ስለዚህ በራሳችን ምንም አንስጥ። ለቤተሰቡ እንንገር። አንድ ነገር ቢደርስ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የመጨረሻው ጥንቃቄ ምሬት ነው። ኩሳ ወይም ዱባ ቀምሳችሁ መራራ ከሆነ፣ ተፉት፣ ድስቱንም ድፉት። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንዳንዴ ኩኩርቢታሲን የሚባል መራራ መርዝ ይፈጠራል፤ ቢበስልም አይጠፋም። ማስመለስና ከባድ ተቅማጥ ያመጣል። በሕንድ አገር መራራ የቅል ጭማቂ ለጤና ብለው ጠጥተው የሞቱ ሰዎች አሉ። "መድኃኒት መራራ ነው" የሚለው ነገር እዚህ አይሠራም። ማሕሺ ከመሙላታችሁ በፊት ከኩሳው ውስጥ የቦረቦራችሁትን በምላሳችሁ ጫፍ ቅመሱ። ማዳም ምግብ ለምን ተደፋ ብላ ብትቆጣ፣ አስቀምሷት፣ ራሷ ትደፋዋለች።

አሠራሩ

ለጓዳ የሚሆን ቀላል የጾም ዱባ ወጥ ልንገራችሁ። አንድ ኪሎ ዱባ ልጣጩን አንሡና እንደ ድንች ቁረጡት። ሁለት ራስ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፋችሁ በሁለት ማንኪያ ዘይት አቁላሉ። አንድ ማንኪያ በርበሬ ጨምሩ፣ እንዳያር ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ አብስሉት። ከዶራ የምትገዙት በርበሬ ብዙ ጊዜ ጨው ስላለበት ሳትቀምሱ ጨው አትጨምሩ። ነጭ ሽንኩርት ጨምሩና ዱባውን ክተቱ፤ ዱባ ራሱ ውኃ ስላለው ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ይበቃል። ክደኑና በቀስታ እሳት 20 ደቂቃ ያህል ይብሰል። ጨጓራ ያላችሁ በርበሬውን ትታችሁ በእርድ አልጫ አድርጉት።

ፍሬውን ደግሞ አጥባችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አንድ ቀን አድርቁ። በመጥበሻ በቀስታ እሳት እያማሰላችሁ፣ መፈንዳት እስኪጀምር ቁሉት። በደንብ አኝኩት። ከገብስ ቆሎ ጋር ቢደባለቅ ለእሑድ ቡናችን ይሆናል፤ ቡናው ግን ቆየት ብሎ ይምጣ።

ያልተቆረጠ ዱባ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ወራት ይቆያል። የተቆረጠውን ሸፍናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡና በአራት አምስት ቀን ውስጥ ጨርሱት።

እህቶቼ፣ በሰው አገር ስንኖር ሐኪም ውድ ነው፣ ጊዜ የለንም፣ አንዳንዶቻችን ወረቀትም የለንም። ስለዚህ በነጻ የሚመጣ መድኃኒት ስንሰማ ልባችን ቶሎ ያምናል። የላከችልን ደግሞ እህታችን ከሆነች ይበልጥ እናምናለን። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የጤና ነገር በስልኬ ሲደርሰኝ ለሲስተር ሳላሰማ ለማንም አልልክም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ያንን የድሮውን መልእክቴን እስካሁን ያልደመሰሳችሁ ደግሞ ስልካችሁን አውጡና አሁን ደምስሱት። ላስተላለፋችሁላቸውም ንገሩልኝ።

ለሚቀጥለው እሑድ አንድ ድስት የዱባ ወጥ ይዤ እመጣለሁ፤ እትዬ ደግሞ ፍሬውን ቆልታ ልታመጣ ቃል ገብታለች።